ሱሉልታ ላይ ጄት ማሳረፍ፦ የሞዴል ጄት ሰልባትዮና እግር አገጣጠም

ከሞዴል ጄት፣ ማለትም ከመሬት ሆነን በሪሞት ከምናበረው ትንሽ ጄት፣ ጋር በካርቶን የሚመጣው መመሪያ ለእኛ አየር አልተጻፈም። ይህን በሦስተኛው በረራዬ ተማርኩ። ታኅሣሥ ነበር፤ የሱሉልታ ሜዳ ደርቆ ዋልካው መሰንጠቅ ጀምሯል። ጄቱ ሁለተኛውን ዙር ጨርሶ ወደ እኛ ሲዞር የተርባይኑ፣ የጄቱ ሞተር፣ ድምፅ ድንገት ጸጥ አለ። ያለ ሞተር አመጣሁት። ሳሩን ሲነካ ግን ካሰብኩት በላይ ይፈጥን ነበር። የፊት እግሩ ስንጥቅ ውስጥ ገባና ከነእንጨቱ ተገነጠለ።

የመስኩ ባለቤት፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ከብቶቻቸውን ትተው መጡ። «አይዞህ ልጄ፣ ሰው አልነካም አይደል?» አሉኝ። አልነካም ነበር። ቤት ገብቼ ስፈታው ጥፋቱ ተገኘ። ከሰልባትዮው የሚወጣው ቱቦ ላይ አንድ ማሰሪያ ላልቷል። ነዳጅ አያፈስም፤ አየር ግን ይስባል። ያቺ አየር አረፋ ሆና ሞተሩን አጠፋችው። እግሩን የነቀለው ደግሞ ፍጥነቱና መሬቱ ነው።

ስለዚህ ሰልባትዮውንና እግሩን አንድ ላይ ነው የማስረዳው። ለምሳሌ የምወስደው ጄት ባዶውን 10 ኪሎ የሚመዝን፣ በ100 ኒውተን ኃይል የሚገፋ ተርባይን ያለው መካከለኛ ጄት ነው። የእናንተ ቢለይ ቁጥሩን ቀይሩ፤ አሠራሩ ያው ነው።

መጀመሪያ አየሩን እንወቅ

ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በ2,600 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት ባሕር ወለል ላይ ካለው 77 በመቶ ያህል ነው። የአየሩ ግፊት ደግሞ 73 በመቶ ገደማ ነው። ሰንዳፋም ለገጣፎም ብትሄዱ ነገሩ ብዙ አይለወጥም።

ይህ በጄታችን ላይ አራት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ተርባይኑ የሚስበው አየር ስለሚቀንስ 100 ኒውተን የተባለው ሞተር ወደ 77 ኒውተን ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 14 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። ባሕር ዳርቻ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚያርፍ ጄት እኛ ጋ በ80 ያርፋል። እግሩ ላይ የሚወድቀው ጉልበት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ 29 በመቶ ይጨምራል። ሦስተኛ፣ ኃይል ቀንሶ ፍጥነት ሲጨምር የመነሻ ሩጫው ይረዝማል። 100 ሜትር የሚበቃው ጄት 170 ሜትር ገደማ ይፈልጋል።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ፖምፓው ነዳጅ ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። እኛ ጋ መነሻው ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ነዳጁ ውስጥ የሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ለመውጣት ይቀለዋል። ሌላ ቦታ ችግር የማይፈጥር ጠባብ ቱቦ ወይም ሹል ጥምዝ እዚህ ሞተር ሊያጠፋ ይችላል።

ጠዋት መብረር ይረዳል። 5 ዲግሪ ላይ ያለ አየር 22 ዲግሪ ላይ ካለው በ6 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ነፋሱም ገና አልተነሳም። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እንጀምራለን።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ከአካባቢው የጸጥታ አካላት ፈቃድ ሳትይዙ፣ ከመሬቱ ባለቤት ጋርም ሳትስማሙ ሜዳ አትውጡ። ቦሌ ኤርፖርት ሩቅ አይደለም። ሰው የጫነ አውሮፕላን ወደሚያልፍበት አቅጣጫ ጨርሶ አትጠጉ።

ሰልባትዮው ስንት ሊትር ይሁን?

100 ኒውተን የሚሰጥ ተርባይን ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይበላል። 350 ብለን እንያዝ። በረራው ሁሉ ሙሉ ነዳጅ ስላልሆነ በአማካይ 60 በመቶውን እንውሰድ፤ 210 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ለ8 ደቂቃ 1.7 ሊትር ገደማ ነው። ለማስነሻና ለመሬት ላይ ጉዞ 150 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ከዚያ ሩብ ያህል መጠባበቂያ ጨምሩበት። 2.5 ሊትር ሰልባትዮ ይበቃል ማለት ነው።

በስስ አየር ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ላይ የሚበላው ይቀንሳል። ግን ኃይሉም ስለቀነሰ እጃችሁ የነዳጅ መስጫውን እየገፋ ይሄዳል። ስለዚህ ከፍታው ነዳጅ ይቆጥብልኛል ብላችሁ ሰልባትዮውን አታሳንሱ።

ከሚያስፈልገው በላይ ማሳደግም አያዋጣም። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ 800 ግራም ያህል ይመዝናል። 2.5 ሊትር 2 ኪሎ ነው። ኃይሉ ሩቡን ላጣ ጄት 2 ኪሎ ቀላል ሸክም አይደለም።

የት ይቀመጥ?

የሚዛን ነጥቡ ላይ። ከዚያ ከራቀ ነዳጁ እያለቀ ሲሄድ የጄቱ ሚዛን በአየር ላይ ይቀየራል። በእኛው ምሳሌ፣ 2 ኪሎ ነዳጅ ከሚዛን ነጥቡ 10 ሴንቲ ሜትር ፊት ቢቀመጥ፣ ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ሚዛኑ 1.7 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። ስትነሱ አፍንጫው አልነሳ ይላል። ስታርፉ ደግሞ ኤሌቬተሩ (አፍንጫውን የሚያነሳውና የሚያወርደው የጭራ ክንፍ) ሌላ ጄት የያዛችሁ እስኪመስል ድረስ ይቀላል።

ቦታ ጠቦ ሁለት ሰልባትዮ ግራና ቀኝ ማድረግ ግድ ከሆነ በተከታታይ አገናኟቸው። የመጀመሪያው መውጫ የሁለተኛው መተንፈሻ ይሁን። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአንድ መጋጠሚያ ብታስቧቸው አንዱ ቀድሞ ያልቃል። ፖምፓው ከባዶው አየር መሳብ ይጀምራል፤ ሌላው ገና ግማሽ እያለ ሞተር ይጠፋል።

ሰልባትዮውን በብሎን አጥብቃችሁ ግድግዳው ላይ አትቸንክሩት። ከሥሩ ስፖንጅ አድርጉ፤ በማሰሪያ ያዙት። መንቀጥቀጥ ነዳጅን ይንጣል፤ የተናጠ ነዳጅ አረፋ ነው።

ቱቦና መለዋወጫ

ሲልከን ቱቦ ነጭ ጋዝ ሲነካው ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ በመጨረሻ ከአፉ ይወልቃል። የሜታኖል ሞተር ላይ የለመዳችሁት ከሆነ እዚህ ተዉት። ለሰልባትዮው ውስጥ ቢጫውን የነዳጅ ቱቦ፣ ታይጎን የሚባለውን፣ ተጠቀሙ። ለውጭው ጠንካራው የፖሊዩሪቴን ቱቦ ይሻላል። ከሰልባትዮ እስከ ፖምፓ ያለው የመሳቢያ መስመር በውጭ 6 ሚሊ ሜትር፣ በውስጥ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከፖምፓው ወዲያ ግፊት ስላለ 4 ሚሊ ሜትሩ ይበቃል። የመሳቢያውን መስመር በተቻለ መጠን አሳጥሩት። ባለ 90 ዲግሪ መጋጠሚያ ከመክተት ቱቦውን በሰፊው ማዞር ይሻላል።

ቱቦ ስትቆርጡ በካቻቢቴ ጫፍ ወይም በመቀስ አትቁረጡ። አዲስ ምላጭ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ በአንዴ ቁረጡት። የተንጋደደ ጫፍ መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ጎሚኒ ላይ በደንብ አይቀመጥም። በውጭ ደረቅ መስሎ ወደ ውስጥ አየር የሚስበው እንዲህ ያለው ነው።

ማሰሪያ፣ ፋሸታ፣ ትንንሽ ጎሚኒ፣ ብሎንና ዳዶ ሱማሌ ተራ ታገኛላችሁ። ጎሚኒ ስትገዙ ግን ለነዳጅ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ። እኔ አንዱን ቤት ወስጄ ነጭ ጋዝ ውስጥ ሌሊቱን አሳድረዋለሁ። ጠዋት ካበጠ አልጠቀምበትም።

የሰልባትዮው ውስጥ

ሦስት ነገር አለው፦ መሳቢያ፣ መተንፈሻና መያዣ ቡሽ።

መሳቢያው ጫፉ ላይ ከባድ ፍሬ ያለው ለስላሳ ቱቦ ነው። ጄቱ ሲጋደም ፍሬው ነዳጁ ወዳለበት ይወድቃል። የኋላ ግድግዳውን መንካት የለበትም፤ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉለት። ሰልባትዮውን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ሁሉም አቅጣጫ አገላብጡት። ፍሬው እየተንቀሳቀሰ «ኳ ኳ» ሲል መስማት አለባችሁ። ድምፁ ከጠፋ ተቀርቅሯል። ታይጎን በነዳጅና በብርድ እየጠነከረ ይሄዳል። የሱሉልታ ጠዋት ደግሞ ውርጭ አለው። ስለዚህ ይህን ቱቦ በዓመት አንዴ ቀይሩት፤ ዋጋው ከጄቱ ጋር አይወዳደርም።

በቡሹ የሚያልፈው የነሐስ ቱቦ ጫፍ ላይ በብየዳ ትንሽ ቀለበት አብጁበት፤ ለስላሳው ቱቦ እንዳይንሸራተት። በላዩ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሁለት ዙር ጠምጥማችሁ በፒንሳ ቀስ አድርጋችሁ ጠምዝዙት። ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ሽቦው ራሱ ቱቦውን ይቆርጠዋል።

መተንፈሻው ወደ ሰልባትዮው ጣሪያ ይታጠፋል። በውጭ በኩል ከሰልባትዮው ከፍ ብሎ ዞሮ ከሆድ ሥር ይወጣል። ከፍ ብሎ ካልዞረ ጄቱ ቆሞ እያለ ነዳጁ እየተንጠባጠበ ያልቃል። የውጭው ጫፍ ትንሽ ወደ ፊት ቢያይ ጥሩ ነው። ወደ ኋላ ካየ በበረራ ላይ አየሩ ነዳጁን ወደ ውጭ ይስበዋል። መተንፈሻውን ስትጭኑና ስታጓጉዙ የምትደፍኑበት ቡሽ ላይ ረጅም ቀይ ጨርቅ እሰሩ። ተደፍኖ ከቀረ ፖምፓው ሰልባትዮውን እስኪጨማደድ ይስባል፤ ሞተሩም ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል።

የአረፋ ወጥመድ

በእኔ እምነት ከፍታ ላይ ለሚበር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ዕቃ ይህ ነው። በዋናው ሰልባትዮና በፖምፓው መካከል የምትቀመጥ ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ናት። ውስጧ ቀጭን ወንፊት የመሰለ ከረጢት አለ። ከረጢቱ በነዳጅ ከራሰ በኋላ ነዳጅ ያሳልፋል፤ አየር ግን አያሳልፍም። ፈሳሹ ቀዳዳዎቹ ላይ እንደ ሽፋን ስለሚወጠር ነው። አረፋው ከከረጢቱ ውጭ ተጠራቅሞ ይቀራል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መተንፈሻ፣ ዋና ሰልባትዮ፣ የአረፋ ወጥመድ፣ የእጅ መዝጊያ፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ የኤሌክትሪክ መዝጊያ፣ ተርባይን። ፊልትሮው ከፖምፓው በኋላ ይሁን። በፊት ከሆነ መሳቡን ያከብደዋል፤ መሳብ ሲከብድ ምን እንደሚመጣ ከላይ አይተናል።

ነዳጅ የምትሞሉት ከኋላ ወደ ፊት ነው። በወጥመዷ በኩል አስገቡ፤ እሷ ትሞላለች፤ ከዚያ ዋናው ይሞላል፤ በመጨረሻ በመተንፈሻው ይፈሳል። በቀስታ ሙሉ። በኃይል የመጣ ነዳጅ ከረጢቱን ሊቀደው ይችላል። ስትሞሉ የእጅ መዝጊያው የግድ ይዘጋ። ክፍት ከሆነ ነዳጅ ተርባይኑ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስታስነሱ እሳት በጭራው ይወጣል።

ፍሳሹን መፈተሽ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፋርማሲ የሚሸጠውን በእጅ የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ ውሰዱ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ጨርቅ አውጡና ፊኛውንና መለኪያውን ከመተንፈሻው ጋር አገናኙ። ሌላውን መውጫ ሁሉ ድፈኑ። እስከ 60 ድረስ ንፉ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ፣ ሰልባትዮው ሊነፋ ይችላል። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ከወረደ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋ የሚያወጣውን ታገኙታላችሁ። የእኔን የላላ ማሰሪያ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀም።

ከዚያ የመሳብ ፈተና አለ። ቱቦውን ከተርባይኑ ነቅላችሁ ወደ ጀሪካን ክተቱት። ፖምፓውን በሙሉ ኃይል አስኪዱት። ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ በባትሪ መብራት እዩ። አልፎ አልፎ የምታልፍ እንደ መርፌ ጫፍ ያለች አረፋ አታስጨንቅም። ቱቦውን የሞላች አረፋ ካያችሁ ግን በረራ የለም።

ስለ ነዳጁ አጭር ቃል። ነጭ ጋዝ ወይም የአውሮፕላን ነዳጅ ለ20 ሊትር 1 ሊትር የተርባይን ዘይት ይቀላቀልበታል። ትክክለኛውን መጠን የሞተሩ አምራች ይነግራችኋል። ይህ ዘይት መርዛማ ቅመም አለው፤ ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። ጀሪካኑ ሥር ውኃና ዝቃጭ ስለሚቀር የመጨረሻውን ጣት ያህል አትቅዱ።

እግሩ የት ይተከል?

ብዙ ጊዜ ቦታውን ፋብሪካው ወስኖታል። ቢሆንም ለኩት። ዋናዎቹ ጎማዎች ከሚዛን ነጥቡ በስተኋላ መሆን አለባቸው። ምን ያህል? ጄቱን በእግሩ አቁሙና የሚዛን ነጥቡን ከመሬት ያለውን ከፍታ ለኩ። ያን ለአራት አካፍሉ። 22 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የጎማው መሃል 5.5 ሴንቲ ሜትር ኋላ ይሁን። ይህ 14 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ከ10 ዲግሪ ካነሰ ጄቱ ጭራው ላይ መቀመጥ ይፈልጋል። ከ15 ከበለጠ አፍንጫውን ማንሳት ይከብዳል፤ በእኛ አየር ደግሞ ሜዳው ያልቃል።

የወጥ ቤት ሚዛን አምጡና የፊት ጎማውን አስቀምጡበት። የኋላዎቹን በዚያው ከፍታ ባለ ጣውላ ላይ አድርጉ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 55 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ 10 ኪሎ ጄት ፊት ላይ 1 ኪሎ ያሳያል። ከ8 እስከ 12 በመቶ እኔ የምመርጠው ነው። ከዚያ ካነሰ ስቴርሶው መሬት አይቆነጥጥም።

ቀጥሎ የክንፉ ማዕዘን። ስልካችሁ ላይ ያለውን ማዘንበያ መለኪያ ክንፉ ላይ አድርጉ። ከግማሽ እስከ 1 ዲግሪ ወደ ላይ ማየት አለበት። አፍንጫው ካቀረቀረ ጄቱ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር መሬቱን ይበልጥ ይጫናል። በ55 ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ዲግሪ ማለት 1 ሴንቲ ሜትር የፊት እግር ቁመት ነው። ለማስተካከል ብዙ አያስፈልግም።

ለሳርና ለዋልካ የሚሆን እግር

አስፋልት ላይ ቀጥ ያለ አሞርዛተር ይሠራል። ሳር ላይ ግን ጎማው በኋላ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላና ወደ ላይ የሚታጠፈው ዓይነት በጣም ይበልጣል። ጎማው እብጠት ሲመታ ወደ ኋላ ይሸሻል። ቀጥ ያለው ግን ምቱን ሁሉ ለእንጨቱ ያስተላልፋል። ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ሞላውን አስተካክሉ። ነዳጅ የሞላ ጄት መሬት ላይ ሲቆም አሞርዛተሩ ከጉዞው አንድ ሦስተኛ ያህል መግባት አለበት። ምንም ካልገባ ደረቅ ነው፤ ጄቱ እንደ ኳስ ይነጥራል። ግማሽ ከገባ ደግሞ በማረፊያው ጊዜ ጫፉ ድረስ ይመታል።

ጎማው የሚገባበት ጉድጓድ እስከፈቀደ ድረስ ትልቅ ጎማ ምረጡ። ለ10 ኪሎ ጄት ከኋላ 90 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ትይዩ ይሁኑ ወይም በጣም ትንሽ ወደ ውስጥ ይዩ። ወደ ውጭ የሚያይ ጎማ ጄቱን ግራና ቀኝ ያንገላታዋል።

አሁን እንጨቱ። ብዙ ጄት ላይ እግሩ የሚታሰረው ስስ ኮምፔርሳቶ ላይ ነው። እኔ 6 ሚሊ ሜትር ጠንካራ ኮምፔርሳቶ ቆርጬ፣ በኢፖክሲና በፋይበር ግላስ ጨርቅ ከጎንና ጎን ካሉት የክንፍ አጥንቶች ጋር አያያዝኩት። ጭነቱ አንድ ቦታ ላይ ከሚወድቅ ይከፋፈል። እግሩ ራሱ የሚታሰርበትን ሳህን ግን በኮላ አትለጥፉት፤ በብሎንና በውስጥ ዳዶ ይሁን። ከተሰበረ በካቻቢቴ ፈትታችሁ ሌላ ትተካላችሁ። እግሩን ከማጠፊያው ጋር የሚያገናኘውን ፔርኖም በጣም ጠንካራ አታድርጉት። ለስለስ ያለ ብረት ይታጠፋል፤ ጠንካራው ግን አይታጠፍም፣ ክንፉን ይዞ ይመጣል። ሁለት ትርፍ ፔርኖ ሁልጊዜ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ብረት ከብረት ጋር የሚገጥም ብሎን ሁሉ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ይቀባ። የፔርኖውን ጎን በሞረድ ጠፍጠፍ አድርጉለት፤ ብሎኑ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ያለዚያ ጎማው ሲያርፍ ወደ ጎን ይዞራል።

መታጠፊያው፦ አየር ወይስ ኤሌክትሪክ?

በአየር የሚሠራው ቀላልና ፈጣን ነው። እስከ 7 ባር በብስክሌት መንፊያ መሙላት ይቻላል። ችግሩ ጎሚኒዎቹ ናቸው። በውርጭ ይጠነክራሉ፤ አየር ያሾልካሉ። ጎሚስታ ቤት በኮምፕረሰር ካስሞላችሁ ደግሞ እርጥበት ይገባል። የአየር ከሆነ ያላችሁ፣ እግሩን ሰብስባችሁ ሠላሳ ደቂቃ ተዉት። ከግማሽ ባር በላይ ካጣ ፍሳሹን ሳታገኙ አትብረሩ። አየሩ ሲያልቅ እግሩ በራሱ የሚወርድበት ዓይነት ብትመርጡ ይሻላል።

እኔ ወደ ኤሌክትሪኩ ዞሬያለሁ። የራሱ ባትሪ ይኑረው፤ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን የሪሲቨሩን ባትሪ አታጋሩት። አንድ እግር ተቀርቅሮ ባትሪውን ቢያወርደው ጄቱን ማዘዝ እንዳታጡ ነው። ሊፖ (የሊቲየም) ባትሪ በብርድ ይደክማል፤ ጠዋት ከኪሴ ውስጥ ነው የማወጣው። ጥርሶቹ ላይ ቅባት አታብዙ፤ ቅባት የሜዳውን አቧራና የሳር ፍሬ ሰብስቦ አሸዋ ወረቀት ያደርገዋል። በብሩሽ ማጽዳት ይበቃል።

ጄቱን አልጋው ላይ አድርጋችሁ ሃያ ጊዜ አጣጥፉት፤ ቀጥ ብሎ፣ አፍንጫው ወደ ላይ፣ አፍንጫው ወደ ታች፣ በጎን ተጋድሞ። እያንዳንዱ እግር ሲወርድ መቆለፉን በእጃችሁ ገፍታችሁ እዩ። መሬት የሚጠጋውን የእግር በር ሳር ይነቅለዋል፤ እኔ የታችኛዎቹን አውጥቻቸዋለሁ። ውበቱ ትንሽ ይጎድላል፤ ጉዳት ግን የለውም።

ስቴርሶና ፍሬን

የፊት ጎማው ከመሃል ወደ እያንዳንዱ ጎን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢዞር ይበቃል። 80 ላይ የሚሮጥ ጄት ከዚያ በላይ ካዞራችሁት ይገለበጣል። ጎማውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮው፣ ላይ ምት የሚያቀልል ሞላ ይኑር። ሲታጠፍ ጎማው በራሱ ወደ መሃል መመለሱን አረጋግጡ።

ፍሬን ለኋላ ጎማዎች ብቻ። ሁለቱ እኩል መያዛቸውን ጄቱን እየገፋችሁ ፈትሹ። ደረቅ ሳር ራሱ ስለሚይዝ እኔ 60 በመቶ ላይ አድርጌዋለሁ።

ሜዳ ላይ

ከመውጣታችሁ በፊት ሚዛኑን እንደገና ፈትሹ፤ ዋናው ሰልባትዮ ባዶ፣ የአረፋ ወጥመዷ ሙሉ፣ እግሩ ተሰብስቦ። ከዚያ ከነሙሉ ነዳጁ ጄቱን 10 ሴንቲ ሜትር አንስታችሁ በሦስቱም እግር ሳር ላይ ልቀቁት። በሰከንድ 1.4 ሜትር ወርዶ እንደማረፍ ነው። ከዚያ በ15 ሞክሩ። የሚሰነጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ ቤት ሆኖ መስማቱ ይሻላል።

ሜዳውን በእግራችሁ ሂዱበት። እኔ አንድ 90 ሚሊ ሜትር ጎማ እንጨት ጫፍ ላይ ገጥሜ መሮጫውን ከዳር እስከ ዳር እገፋዋለሁ። ጎማው የገባበትን ስንጥቅና እንደ ድንጋይ የደረቀውን የከብት ዱካ በአፈር ሞልተን እንረግጣለን። ከመጋቢት በኋላ ዝናብ ከጣለ ዋልካው ጎማ ይይዛል፤ ያን ቀን አንበርም።

የተርባይኑ ጭስ ከ600 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ደረቅ ሳርና የድርቆሽ ክምር አጠገብ ይህ ቀልድ አይደለም። ስታስነሱ ከኋላው ሰፊ ቆርቆሮ አንጥፉ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው አጠገባችሁ ይቁም። የዱቄቱ ዓይነት እሳቱን ቢያጠፋም ተርባይኑን ያበላሻል። አባባም ከብቶቹ እስኪያልፉ «ቆይ ልጄ» ካሉ ቆዩ።

ለማረፍ ስትመጡ እግሩን ቀድማችሁ አውርዱና ከጎን ሲያልፍ ሦስቱንም በዓይናችሁ ቁጠሩ። ሁለቱ ወርደው አንዱ እምቢ ካለ ሁሉንም ሰብስቡ። ሳር ላይ በሆድ ማረፍ በሁለት እግር ከማረፍ ይሻላል፤ ከመንካቱ በፊት ሞተሩን አጥፉ። ሁሉም ከወረደ ደግሞ ዓይናችሁ እንዳያታልላችሁ። በስስ አየር ጄቱ መሬቱን ሲያቋርጥ የፈጠነ ይመስላል፤ እውነትም ይፈጥናል። «በዛ» ብላችሁ ካዘገያችሁት ክንፉ መሸከሙን ያቆማል። ፍጥነቱን ለእግሩ ተዉለት፤ ያን ሁሉ የሠራነው ለዚህ ነው።

ሲያርፍ መጀመሪያ የእጅ መዝጊያውን ዝጉ። ከዚያ የአረፋ ወጥመዷን እዩ። አናቷ ላይ ከአንድ ብር ሳንቲም የሚበልጥ አረፋ ካለ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፤ ሳታገኙት እንደገና አትነሱ። እግሮቹን አንድ በአንድ ነቅንቁ። ኩሽኔታው ዙሪያ የተጠመጠመውን ሳር በፒንሳ አውጡ።

የመጀመሪያዎቹን በረራዎች 6 ደቂቃ ላይ አቁሙ። ነዳጁን ስትሞሉ ስንት እንደገባ ለኩና ደብተር ላይ ጻፉ። በ6 ደቂቃ 1.4 ሊትር ከበላ በደቂቃ 233 ሚሊ ሊትር ነው። ከ2.5 ሊትሩ ሩቡን መጠባበቂያ ስትተዉ 1.9 ሊትር ገደማ ይቀራል። ያኔ የሪሞቱን ሰዓት 8 ደቂቃ ላይ አድርጉት።